ባለ ስድስት አንጓው ዋሻ

አጎቴ በሞተ በአርባኛው ቀን፣ ለተዝካሩ በተጣለው ድንኳን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ሟቹ በጠላት ዘመን ሆን ብሎ ዋሻ አጥብቦ የጣልያን ባቡር እንዳስቆመ ተናገሩ። ሰው ሁሉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ባቡሩ በሁለት እጅ የሚታቀፍ መጫወቻ እንደነበረ የምናውቅ በዚያ ድንኳን ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔና የአጎቴ ልጅ። እሷ አለቀሰች። እኔ የቀረበልኝን በላሁ።

ያን ቀን ዝም ያልኩት ለሟች ክብር ብዬ አይደለም። ምን እንደምል ስላላወቅኩ ነው። በልጅነቴ ዋሻውን ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ ነበር የማውቀው፤ እንዲያ ብሎ የነገረኝም ራሱ ሟቹ ነው። ካለፈው ግንቦት ወዲህ ደግሞ ሦስተኛ ወሬ ሰምቻለሁ። ሦስቱ አብረው አይሄዱም። ሰማንያን ካለፍኩ ቆይቷል፤ ሳልለያቸው መሞት አልፈልግም። የሚቀየመኝ ካለ ይቀየም።

የምንኖረው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። እናቴ ጧፍ እየሠራች በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ትሸጥ ነበር። ስለ አባቴ እዚህ አልጽፍም። ከየካቲት ወዲያ አባት አልነበረኝም፤ ይህን ማወቅ ይበቃል። የእናቴ ወንድም፣ ጋሼ የምለው፣ እኛን ማየት ግዴታው ሆነ። እሱም አየን፤ እያየን መሆኑንም ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረ።

ጋሼ አናጢ ነበር። ጥሩ አናጢ ነበር፤ ይህን አልክድም። ከእኛ ቤት ሦስት ግቢ አልፎ፣ ባለቤቶቹ ትተውት የሄዱት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ ጣልያን ገብቶ ነበር። በባቡር ጣቢያው ጸሐፊ ነው ይባላል። ሁላችንም ሲኞር ነበር የምንለው። ስሙን አውቀዋለሁ፤ አልጽፈውም። አንድ ቀን ጋሼን አስጠራውና ክፍል የሚያህል ጠረጴዛ እንዲሠራለት ነገረው። ጋሼ ለስንት ሰው ግብር እንደሆነ ጠየቀ። ለእንግዳ አልነበረም።

ማታ ማታ እኛ ቤት ሲመጣ ለእናቴ እንዲህ ሲላት ትዝ ይለኛል።

«ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ጠረጴዛ ሙሉ ባቡር አለው።»

«ባቡሩ ምን ይጭናል?»

«ምንም።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ዞሮ ይመለሳል።»

እናቴ ክሩን ከቀለጠው ሰም ውስጥ ሳበች። «ሰውየው ጤነኛ ነው?» አለች።

«ሥራ ነው» አለ ጋሼ።

ለጋሼ ምሳ የማደርስለት እኔ ስለነበርኩ ባቡሩን ያየሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሎኮሞቲቩ ከእጄ መዳፍ ብዙም አይበልጥም፤ ሞላው በቁልፍ ሲጠመዘዝ አራት ፉርጎ ይጎትታል። መስኮቶቹ የምስር ፍሬ ያህላሉ። ጋሼ ጣቢያ፣ ድልድይና ዋሻ ሠርቶለት ነበር። ጣቢያው ግን ባዶ ነበር፤ ማንም አይጠብቅም። ይህ ለምን እንዳስጨነቀኝ አላውቅም። በማግስቱ ከእናቴ ሰም ሰርቄ፣ ከሸክላ ዱቄትና ከጥላሸት ጋር እያሸሁ ሰው ሠራሁ። አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴትና አንድ ዱላ የያዘ ሽማግሌ። ማንም ሳያየኝ ጣቢያው ላይ አቆምኳቸው።

ሲኞር ሲያያቸው ይቆጣኛል ብዬ በሩ ሥር ተሸጉጬ ነበር። ሴትየዋን በጥፍሩ አነሣት፤ ወደ ዓይኑ አስጠጋት። ከዚያ ጠራኝና እጄን ያዘ። ሴትየዋን በትንሿ ጣቴ ላይ አጋደማት። ከጣቴ ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ ልክ ሆነች። ሳቀ። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም ነበርና «አንተ ጣት፣ አንድ ሰው» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የዚያ ቤት መለኪያ የእኔ ጣት ሆነ። ለሲኞር ጨዋታ ነበር። ለጋሼ ግን መገላገያ ነበር። ሲኞር ታጣፊ የእንጨት ሜትር ሰጥቶት ነበር፤ ሜትሩ ላይ ያሉትን ጥቃቅን መስመሮች ጋሼ አያያቸውም። ዓይኑ ደክሞ ነበር፤ ለማንም አልተናገረም። «ሜትር ለቤት ነው፤ ለአሻንጉሊት የልጅ ጣት ይበቃል» አለ። ምራቅ ሲነካው ሐምራዊ የሚሆን እርሳስ ነበረው፤ በእሱ አንጓዬ ላይ መስመር ያሰምርና ጣቴን እንጨቱ ላይ እየደጋገመ ያስቀምጣል። በር አንድ አንጓ ከግማሽ። ጣቢያ ሦስት አንጓ። ዋሻ ሦስት አንጓ። ባቡሩ በሁሉም ሥር ሳይነካ ያልፍ ነበር። ማታ እናቴ መስመሩን በሎሚ ታሸዋለች፤ ጠዋት ጋሼ እንደገና ያሰምረዋል።

ደስ ይለኝ ነበር። ይህን መጻፍ ከባድ ነው፤ ግን ሌላውን ሁሉ ጽፌ ይህን ብተው እንደ እነሱ እሆናለሁ። ጎረቤታችን የነበረች ሴትዮ እናቴን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አስቁማ «ልጅሽ ለጣልያን አሻንጉሊት ትሠራለች አሉ፤ ደግ ነው፣ ሰው ሲያልቅባቸው በሰም ይተካሉ» አለቻት። እናቴ ጧፏን መደርደር ቀጠለች። ያቺ ሴትዮ በዓመቱ የሦስት ጣልያኖች ልብስ አጣቢ ነበረች። ይህንንም ማንም አያስታውስም።

ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ቆየን። ጣቢያው ሞላ። ዐርባ ያህል ሰው ሠርቻለሁ፤ ሁሉም አንድ አንድ አንጓ። ከዚያ አንድ ጠዋት ስገባ ሲኞር ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ በጋዜጣ ወረቀት ላይ ሲሥል አገኘሁት። ባቡሩ ሐዲዱ ላይ አልነበረም። ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«ሌላ ባቡር ይመጣል» አለኝ ጋሼ። «እጥፍ ነው አሉ። ሁሉም ነገር እጥፍ ይሆናል።»

«ይሄኛውስ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ለምን?»

ጋሼ ትከሻውን ሰበቀ። ሲኞርን ራሱን ስጠይቀው ዓይኑን አሳየኝ፤ የባቡሩ ትንሿ ብሎን ከእጁ ስትወድቅ እንደማያገኛት በምልክት ነገረኝ። በሌላ ቀን ለመጣ ወዳጁ ሲነግረው ግን፣ ጋሼ እንደተረጎመው፣ ትንሹ ቀላል ስለሆነ ከሐዲድ ይወጣል፣ ትልቁ በክብደቱ ይቆማል ነበር ያለው። ለእናቴ ስነግራት «ሀገሩ አልበቃቸው ብሎ ባቡሩንም አተለቁት» አለች። የቱ እውነት እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ሁሉም። የሚሠራ ነገር ሳይበላሽ ለምን ይጣላል የሚለው ግን እስካሁን አልገባኝም።

የዚያ ቤት ነገር ሁሉ ተገለባበጠ። ትልቁ ባቡር እንደ ትንሹ በጠባብ ቦታ አይዞርም፤ ሐዲዱ ሰፊ ቀለበት ይፈልጋል። ጠረጴዛው በሁለት በኩል ተቀጠለ። የሲኞር አልጋ ወደ ጓዳ ወጣ። ያም ስላልበቃ ባቡሩ ወደሚቀጥለው ክፍል ወጥቶ እንዲመለስ ግድግዳው ይበሳ ተባለ። ቀዳዳው ላይ ጋሼ አዲሱን ዋሻ ይገጥማል። ሰውየው ለራሱ መተኛ ያጣው ለመጫወቻ ነው። ይህን ሳይ እፈራ ነበር፤ ለምን እንደምፈራ ግን አላውቅም።

የእኔን ሰዎች ምን እንደሚያደርጋቸው ጨንቆኝ ነበር። ከትልቁ ጣቢያ አጠገብ ቢቆሙ ጉንዳን ይመስላሉ። ሲኞር አልጣላቸውም። ከጠረጴዛው ጀርባ ከወረቀትና ከጭቃ ኮረብታ አሠራና አናቱ ላይ ከትንንሾቹ ቤቶች ጋር ደረደራቸው። ወደ በሩ ወሰደኝና አንድ ዓይኔን እንድጨፍን አደረገኝ። «ትንሽ አይደለም» አለኝ፤ «ሩቅ ነው።» እውነትም ከበሩ ሲታዩ ማዶ የቆሙ ሰዎች መሰሉ። ስጠጋቸው ደግሞ እዚያው እጄ ሥር ነበሩ። ብዙ ጊዜ ወደ በሩ እየሄድኩ እየተመለስኩ አየኋቸው።

ለአዲሱ ጣቢያ ሁለት አንጓ የሚሆኑ ሰዎች እንድሠራ ታዘዝኩ። ስለ ትንሹ ባቡር ቃል የገባልኝም ያኔ ነው። ጋሼ መላጊያውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ በደንብ ሰምቷል። ሲኞር በጣቱ አየር ላይ ክብ ሠርቶ «ትልቅ ባቡር አንድ ጊዜ ዞረ፣ ትንሽ ባቡር ያንተ» አለኝ። ሳጥኑን መታ መታ አደረገው።

የእኔ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ቀሚሴ የእናቴ ነበር፤ ጋቢው የአባቴ። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም። ለእናቴ ስነግራት ሰሙን ማማሰል ትታ አየችኝ። በማግስቱ የጋሼ ሚስት ሰማች። «አባት የሌላት ልጅ ባቡር ምን ይሠራላታል?» አለች። «የእኔዋ እንኳ መጫወቻ አታውቅ።» የእሷዋ ስድስት ዓመቷ ነበር። ጋሼ ዝም አለ። የዚያን ዝምታ ትርጉም ለማግኘት ሰባ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ባቡሩ ከጅቡቲ እስኪመጣ ይጠበቅ ነበር። በዚያ መሀል ኩፍኝ ያዘኝ። እናቴ ከመጋረጃ ጀርባ አስተኛችኝ፤ እንግዳ እንዳያየኝ፣ የውጭ ሽታ እንዳይነካኝ። ስንት ቀን እንደተኛሁ አላውቅም። ከሁለት ሳምንት በላይ ነው። ትኩሳቱ ሲነሣ ባቡሩ ራሴ ውስጥ የሚዞር ይመስለኝ ነበር። ጋሼ አንድ ጊዜ ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ ከእናቴ ጋር ሲነጋገር ሰምቼዋለሁ። «ዋሻውን ሳልጀምር ታመመችብኝ» ያለ ይመስለኛል። ይመስለኛል እላለሁ፤ ምክንያቱም በዚያው ቀን አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ፤ አባቴ ደግሞ አልነበረም። እንግዲህ የቱን ሰማሁ፣ የቱን አለምኩ? በልጅነቴ ይህን መለየት አልቻልኩም። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ መሆኑንም አላወቅኩም።

ተነሥቼ ስሄድ ዋሻው ተጠናቆ፣ ግድግዳው ላይ ተገጥሞ፣ ዙሪያው በጭቃ ተለስኖ አገኘሁት። የጋሼ ልጅ እኔ የምቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ትንሿ ጣቷ ላይ ሐምራዊ መስመር አለ። በእርሳሱ ስትጫወት ነው ብዬ አለፍኩት። ቦታዬ ላይ መቀመጧ ነበር ያናደደኝ።

«ተነሺ» አልኳት።

«አባዬ ነው ያስቀመጠኝ።»

«እኔ ታምሜ ነው። አሁን ድኛለሁ።»

«ፊትሽ ግን አስቀያሚ ሆኗል» አለችኝ። አልዋሸችም፤ ፊቴ ገና ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነበር።

ለትልቁ ጣቢያ ስምንት ሰው በዚያው ሳምንት ሠራሁ። በራሴ ጣት ሁለት ሁለት አንጓ ለካሁ። የትልቁ ባቡር ሳጥን ከጅቡቲ መጥቶ ነበር፤ ሲኞር ፉርጎዎቹን አውጥቶ ከሰዎቼ አጠገብ አቆማቸው። ሰዎቼ ልክ በፉርጎው በር ቁመት ሆኑ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባቡሩ የሚዞርበት እሑድ ሲኞር ሁለት ወዳጆቹን ጠራ። ጋሼ የበዓል ኮቱን ለብሶ መጣ። ልጁን ይዟት ነበር፤ ከእግሩ ኋላ ቆመች። እናቴ እንኳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ ነጠላዋን ሳታወልቅ። የትንሹ ባቡር ሳጥን መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። እኔ የማየው ሳጥኑን ነበር።

ሲኞር ሞላውን በቁልፍ ጠመዘዘው። ትልቁ ሎኮሞቲቭ ጥቁር ነው፤ ጭስ ማውጫው ረጅም ነው። ለቀቀው። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ጣቢያውን አለፈ፤ ሰዎቼ አልወደቁም። ድልድዩን አለፈ። ኮረብታው ሥር ዞረ። አንደኛው ወዳጅ አጨበጨበ። እኔ በልቤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እላለሁ። ከዚያ ወደ ግድግዳው መጣ፤ ጭስ ማውጫው የዋሻውን ጉበን መታ። ሎኮሞቲቩ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፉርጎዎቹ ከኋላ ተገፍተው ተጋደሙ። መንኮራኩሮቹ ሞላው እስኪያልቅ ባሉበት ዞሩ።

ያጨበጨበው ወዳጅ ሳቀ። ሲኞር አልሳቀም። ዋሻውን አየ፤ ጋሼን አየ።

«ስድስት ብዬ አልነበረም?» አለ በእጁ እያሳየ።

«ስድስት ነው የለካሁት፣ ሲኞር። በእሷ ጣት ነው» አለ ጋሼ። እኔን ነበር ያሳየው።

ሲኞር እጄን ያዘ። ትንሿን ጣቴን ዋሻው በር ላይ ከሥር ወደ ላይ እያስቀመጠ በቋንቋው ቆጠረ። አምስት ላይ ጉበኑ መጣ። ስድስተኛው አልገባም።

«ታማ ነበር» አለ ጋሼ ቶሎ ብሎ። «ሳትታመም ነው የለካኋት። ልጅ ከበሽታ ሲነሣ ይመዘዛል፤ እናቷን ይጠይቋት። ጣቷ አድጓል።»

ሁሉም ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ «እውነት ነው፣ ልጅ ከኩፍኝ ሲነሣ ይመዘዛል» አለች። ይህ ሰው ሁሉ የሚለው ነገር ነው፤ የተጠየቀችውን መለሰች። እናቴን በዚህ አልከስሳትም። ከስሻት አውቃለሁ፤ አሁን ትቻለሁ።

ሲኞር እጄን ወዲያው አልለቀቀውም። ጣቴን ቆይቶ አየው። ከዚያ የጋሼን ልጅ አየ፤ ወይም ያየ መሰለኝ። እሷ እጆቿን ቀሚሷ ውስጥ ደብቃ ነበር። ወዳጁ የሆነ ነገር በጣልያንኛ አለው፤ ሲኞር ደም መሰለ። እጄን ለቀቀና ሄዶ የትንሹን ባቡር ሳጥን መክደኛ ዘጋው። ጮሆ አልተናገረም። ዘጋው ብቻ።

ጋሼ በሦስት ቀን ውስጥ ዋሻውን አሰፋው። ለጀግንነቱ ድንኳን ውስጥ ለተመሰገነ ሰው ይህን ማስታወስ ይገባል፤ ሆን ብሎ ያጠበበውን በሦስት ቀን አሰፋው። ያኔ ባቡሩ እንደሚዞር አውቄ ልሄድ ስል «ሲኞር አትምጣ ብሏል» አለኝ። ሲኞር ብሎ ይሁን እሱ ብሎ አልጠየቅኩም። ትልቁ ባቡር ሲዞር በአጥር በኩል ሞላው ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ደጋግሞ።

ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አመንኩ። በማደጌ ያበላሸሁት ነገር ነበር። ትንሿን ጣቴን በጧፍ ክር ጥብቅ አድርጌ አሥሬ ሰነበትኩ፤ እናቴ ጠቁሮ ስታየው ክሩን በመቀስ ቆረጠችው። «ምን አስበሽ ነው?» አለችኝ። የቀረውን ሰም ሁሉ ወስዳ አቀለጠችው። ቀይና ጥቁር የተዥጎረጎረ ጧፍ ወጣው፤ ማንም አልገዛውም፤ እኛው አበራነው።

ንጉሡ ሊገቡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ሲኞር በአንድ ሻንጣ ሄደ። ጋሼ በማግስቱ ጠዋት ከዚያ ቤት ጆንያ ተሸክሞ ሲወጣ አየሁት። «መሣሪያዬ ነው» አለ። መሣሪያው ግን ከሳምንት በፊት ወደ ቤቱ ተመልሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የጀግንነቱ ወሬ የተጀመረው። ሰፈሩ ማን ለማን ሠራ እያለ ሲጠያየቅ ጋሼም መልስ አስፈለገው። መጀመሪያ «ስንፍና አስመስዬ ነው» አለ፤ ቀጥሎ «አሳፍሬዋለሁ» አለ፤ ወሬው ሲያድግ ባቡሩም አብሮ አደገ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ደፍሬ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ሆን ብለው ካጠበቡት በእኔ ለምን አሳበቡ?»

መላጊያውን አላቆመም። «ለማትረፍ ነዋ» አለ። «ልጅ አይገደልም።»

ምን ልበል? ምስጋና የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ያመሰገንኩትም ይመስለኛል።

ኑሮዬን የገፋሁት በልብስ ስፌት ነው። ስንት የተማሪ ደንብ ልብስ እንደሰፋሁ አላውቅም። ልጅ ስንት ያድጋል የሚለውን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ እጅጌ ላይ የምተወው ትርፍ ለዓመት ይበቃል። አንድ ቀን ለአንዲት ልጅ እጅጌ ስለካ ከምንም ተነሥቼ መቀሱን አስቀመጥኩ። በሦስት ሳምንት ትኩሳት የልጅ ጣት ያን ያህል አያድግም። አድጎ ቢሆን እንኳ ከበሽታዬ በኋላ የሠራኋቸው ስምንት ሰዎች ከፉርጎው በር ይረዝሙ ነበር። ልክ ነበሩ። እንግዲህ ጣቴ አላደገም። ታዲያ ዋሻው የተለካው በምን ነበር? እዚህ ላይ ቆምኩ። ሠላሳ ዓመት ያህል እዚያው ቆሜያለሁ።

ባለፈው ግንቦት፣ የልደታ ዕለት፣ የአጎቴ ልጅ ጠራችኝ። የሰፈራችን ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ከተሠራ ወዲህ እዚያው ነው የምትኖረው፤ የሲኞር ቤት የነበረበት ከእሷ መስኮት ሥር፣ ልብስ የሚሰጣበት ግቢ ነው። እንግዶች ነበሩ፤ ልጆቿ፣ የልጆቿ ባሎች። ሳሎኗ ውስጥ ባለው ቡፌ፣ ከብርጭቆዎቹ መሀል አንድ ትንሽ ፉርጎ ቆሟል። መስኮቶቹ የምስር ፍሬ ያህላሉ። ሃያ ጊዜ እዚያ ቤት ገብቻለሁ፤ ያን ቀን ነው ያወጣችው።

አንደኛው አማቿ ስለ ፉርጎው ጠየቃት። እሷም የአባቷን ጀግንነት አወራች፤ ለምዳዋለች። ከዚያ ትንሿን ጣቷን አነሣች።

«ዋሻውን በዚህች ጣት ነው የለካው» አለች። «እትዬ ኩፍኝ ይዟት ተኝታ ነበር። በእኔ ጣት ነው የሠራው። ጣልያንን ያስቆመች ጣት ናት።»

ሳቁ። እኔ ሹካዬን አስቀመጥኩ።

«ስንት አንጓ?» አልኳት።

«ስድስት» አለች ሳታስብ።

«ስድስት ዓመትሽ ነበር።»

«አዎ፣ ስድስት ዓመቴ፣ ስድስት አንጓ። ለዚያ ነው የማልረሳው።»

«ስድስት ያንቺ ጣት አምስት የእኔ ጣት ነው» አልኳት። «ለዚያ ነው ያላለፈው።»

ገና አልገባትም። «አባዬ ሆን ብሎ ነው ያጠበበው፣ እትዬ።»

«ሆን ብሎ ለማጥበብ የማንም ጣት አያስፈልግም። በመጋዝ አንድ ጊዜ አጥብቦ መቁረጥ ነው። አንቺን ያስቀመጠሽ ዱካውን እንድትወርሺ ነው። የትንሹ ባቡር ሳጥን ከዱካው ጋር እንደሚሄድ አውቆ ነው። አንድ ነገር ግን ረሳ፤ ልጅ ከልጅ እንደሚለያይ።»

አንዷ ልጇ ለስላሳ ይምጣ ወይ ብላ ተነሣች። የአጎቴ ልጅ ጣቷን ገና እንዳነሣች ነበር፤ ጣቷ በሪህ ጎብጣለች። ዝቅ አደረገቻትና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት።

«ስድስት ዓመቴ ነበር እኮ፣ እትዬ» አለች።

ለዚህ መልስ አላዘጋጀሁም ነበር። ለጋሼ አዘጋጅቻለሁ፣ ለሚስቱ፣ ለእናቴም ሳይቀር። ለስድስት ዓመት ልጅ የሚሆን አልነበረኝም። ይልቅስ ያኔ ያልጠየቅኩት ሁሉ መጣብኝ። ጋሼ ጣቶቻችን እንደሚለያዩ እውነት ረስቶ ነበር? ወይስ ባቡሩ እንዳይዞር፣ ሳጥኑ እንዳይሰጠኝ ያን ያህል አስቦ ነበር? ሲኞር ሐምራዊውን መስመር አይቶ ነበር? አይቶ ከሆነ ሳጥኑን ለምን ዘጋው? በእኔ ተናዶ ነው፣ በጋሼ ነው፣ በወዳጁ ሳቅ አፍሮ ነው? የሚጠየቅ ሰው አልተረፈም። ያለችው እሷ ናት፤ እሷም ዱካ ላይ እግሯን ስታወዛውዝ ነበር።

ሳልሰናበት አልወጣሁም፤ ሦስት ጊዜ ተሳሳምን፣ እንደ ሁልጊዜው። ሊፍት ስለሌለ ደረጃውን እስከ ታች ሸኘችኝ፤ ቦርሳዬን ራሷ ያዘችልኝ። ቤት ገብቼ መነጽሬን ስፈልግ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ፉርጎው ነበር።

አሁን እየጻፍኩ ባለሁበት ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። አንድ ጎማው ወልቋል፤ በምስማር ራስ ተተክቷል፤ የጋሼ እጅ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ለመግፋት ሞክሬያለሁ፤ ወደ ጎን ያጋድላል። ትንሿን ጣቴን በሩ ላይ አስቀምጬ አይቻለሁ፤ አንጓዬ ከጣራው ያልፋል። አርጅቼም ቢሆን እነሱ እንዳሉት አድጌያለሁ።

በማግስቱ ስልክ ደውላ ነበር። ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፤ ደህና ነኝ አልኳት። ስለ ፉርጎው እሷም አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም። ገና አላመሰገንኳትም።